ሐሮማያን ማን ጠጣው? ብዛታችን ወይስ ጥማታችን?

ሸዋ በር (ጥያቄውን የከፈተው)

ሰላም ቤቶች። ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር እየወጣሁ ነበር። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ ሐሮማያ ሲደርስ አንገቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልማድ ነው። ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ጊዜ እንኳን አንገቴ መዞሩን አልተወም። ዘንድሮ ግን ውሃ አለ! ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ሌላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ለማያውቅ፦ ሐሮማያ፣ በድሮ ስሙ ዓለማያ ሐይቅ፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ሐረር ለአርባ ዓመት ያህል የጠጣችው ከእሱ ነው። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. 2004 አካባቢ፣ አለቀ። ቀነሰ አላልኩም፣ አለቀ። ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ ሆነ። ያኔ እኛ ቤት ፊት የታጠብንበት ውሃ አይደፋም። እግር ይታጠቡበታል። እግር የታጠቡበት ደግሞ ሽንት ቤት ይገባል። እናቴ አንድ ጀሪካን ውሃ የምታካፍለው እንደ ባንክ ብር ቆጣሪ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ወጣት «ሰው በዛ፣ በቃ። ሐይቅ ቀርቶ ውቅያኖስ አይበቃንም» አለ። ሾፌሩ «ሰው ምን አደረገ? ጫት ነው የጠጣው» ብሎ መለሰለት። እስክንወርድ አልተስማሙም። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የዓለም ሕዝብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2022 ስምንት ቢሊዮን ደረሰ ተብሎ ታወጀ። ችግሩ ቁጥራችን ነው ወይስ የምንፈልገው ነገር? እስቲ ተናገሩ። ስድብ የለም።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

አቦ ሾፌሩ ልክ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጫትን የሚሰድብ ሁሉ ጫትን አያውቀውም።

ጫት ለምለም ቅጠል ነው። ትናንት የተቆረጠ ዛሬ ዋጋው ወድቋል። ክረምት ላይ ዝናብ ስላለ ሁሉም ይለቅማል፣ ዋጋው ይረክሳል። በጋ ላይ ቅጠል የሚገኘው ውሃ ያጠጣ ሰው ጋ ብቻ ነው። ያኔ ነው ብር የሚታፈሰው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያለ ገበሬ ምን ያደርጋል? ሞተር ይገዛል። ማሽላና ድንች ከጫት ጋር አይወዳደሩም። ገበሬው ሞኝ አይደለም፣ አንተም እሱን ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

አሁን ደግሞ ቅጠሉን ተከተለው። አወዳይ ገበያ ይገባል። ከዚያ ወደ ጅጅጋ፣ ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ ጅቡቲ። በዚያው ቀን ይደርሳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 እስክታግደው ድረስ ለንደንም ይገባ ነበር። እንግዲህ ሐሮማያን የጠጣው የሐሮማያ ሰው ብቻ ነው? ሐርጌሳ ቁጭ ብሎ የሚቅመው ሰውዬ ሐይቁን አይቶት አያውቅም። ግን ጠጥቶታል። ገራባውን ለፍየል ጥሎ ተነስቷል።

መምህር ስሌት

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከዚራ ያለው እውነት ነው፣ ግን የቁጥሩን ነገር እንዲሁ አንለፈው።

በ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን ተኩል ነበርን። በ1999 ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ። በአሥራ ሁለት ዓመት 20 ሚሊዮን ሰው! ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፣ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በተባበሩት መንግሥታት ግምት አሁን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። ሐሮማያ ዙሪያ ያለው ተራራ የሚታረሰው ለጫት ብቻ አይደለም። ልጅ ሲጎረምስ መሬት ይፈልጋል። መሬት ከሌለ ዳገት ይቆፍራል። ዳገት ሲቆፈር ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ሐይቁን ከላይ ሞተር ሲመጥጠው ከሥር ደለል ሞልቶታል። ሁለት በኩል ነው የተወጋው።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የሰው ብዛት፣ ሲባዛ እያንዳንዱ የሚጠቀመው፣ ሲባዛ የሚጠቀምበት መንገድ። ሦስቱን ካላባዛችሁ መልስ አይመጣም። «ብዛት ነው ወይስ ፍጆታ?» ብሎ መጠየቅ የአራት ማዕዘን ስፋት ከርዝመቱ ነው ወይስ ከወርዱ እንደማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሐይቅ ሁሉ አይደርቅም። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በተቃራኒው እየተስፋፋ አስፋልት ሊውጥ ደርሶ ነበር። የመስኖ ትርፍ ውሃ አንዱ ምክንያት ነው። አንዱ ጋ ስንቀዳ ሌላው ጋ እየደፋን ነው።

ምንም አልልም

እኔ የገረመኝ «ሰው በዛ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው። «እኔ ነኝ ትርፉ» ያለ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥማድ (ጎጃም)

@ምንም አልልም እኔ ነኝ ትርፉ። በእውነት። አባታችን ስምንት ጥማድ ነበረው፣ ሁለት ሄክታር ማለት ነው። እኛ አምስት ወንድማማች ነን። ሁለቱ ታላላቆቼ ሲያገቡ ተቆርሶ ተሰጣቸው። ሦስተኛው ቁራሽ አገኘ። እኔ አራተኛ ነኝ። አባቴ አንድ ቀን ጠርቶ «ልጄ፣ አንተን የሚያበላህ ደብተርህ ነው» አለኝ። ለትምህርት ያለውን ፍቅር እየነገረኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መሬቱ እንዳለቀ እየነገረኝ እንደነበር የገባኝ ባሕር ዳር ከገባሁ በኋላ ነው።

ግን መምህር፣ አንድ ነገር አይረሳ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማን ሄዳችሁ እዩ። ሰው የተጨናነቀበት ወረዳ ነው። እንደ ስሌትዎ ከሆነ መራቆት ነበረበት። ገበሬው ግን ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ከሰል ያከስለውና ለአዲስ አበባ ይሸጣል። ከዚያ መልሶ ይተክላል። ሰው በዛ፣ ዛፍም በዛ! ገበሬውን የሳበው የአዲስ አበባ ገበያ ነው። አሁን አሁን ዛፉን በሽታ ገብቶበታል ይባላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ልል የፈለግኩት፣ የሐሮማያን ውሃ ያደረቀውም ገበያ ነው፣ የፋግታን ዛፍ ያበቀለውም ገበያ ነው። ሰው በሁለቱም ቦታ ብዙ ነው።

ጋሽ አርጋው

ልጆች፣ እስቲ አንድ የድሮ ሰው ያውራ። መጽሐፉ «ብዙ፣ ተባዙ፣ ምድርንም ሙሏት» ነው የሚለው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ስምንት ወልጄ ስምንቱም ሰው ሆነውልኛል። ፈረንጅ ራሱ ሲበላ ኖሮ አሁን እኛን «አትውለዱ» ይላል። ለምን ብሎ አይጠይቅም ወጣቱ?

ሸዋ በር

ጋሼ፣ እግዜር ያቆይልዎት፣ ስምንቱንም ይባርክልዎት። የፈረንጁ ነገር ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን «ሙሏት» ተባለ እንጂ «ጨርሷት» አልተባለም እኮ።

ጋሽ አርጋው

ይህስ ጥሩ አባባል ናት። ለልጄ ልካታለሁ።

ነርሷ

እኔ ከወረቀቱ ሳይሆን ከጤና ጣቢያው ልናገር። አሥራ አራት ዓመት የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሠርቻለሁ።

ስለ ሐይቅ ወይም ስለ ምድር ብላ መርፌ የወሰደች አንዲት ሴት አይቼ አላውቅም። የምትመጣው ባለፈው ምጥ ልትሞት ስለነበር ነው። የመጨረሻው ጡት ሳይተው ሌላ እንዳይመጣባት ነው። አንዳንዷ ገበያ ወጣሁ ብላ ትመጣለች። «ካርዴን እዚሁ አስቀምጪልኝ፣ ባሌ እንዳያየው» ትለኛለች። ብዙ ካርድ በመሳቢያዬ ነበረኝ። ሦስት ወር ቆጥራ ስትመጣ «መርፌው አልቋል፣ በሌላ ሳምንት» ያልኳት ቀን አለ። በሌላ ሳምንት ገበያ መውጫ ሰበብ ታገኛለች? ያቺ ሴት ናት በኋላ «ሰው አበዛች» የምትባለው።

ጋሽ አርጋው ለጠየቁት፣ ፈረንጅ ብቻ አይደለም ያለው። አገራችን በ1985 የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አውጥታ ነበር። አንዲት ሴት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 4 እናውርደው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት 4.6 ተገኘ። ከግቡ ብዙም አልራቀም፣ ማንም ሳያጨበጭብ። ግን አማካይ ያታልላል። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ 1.8 ነበረች፣ ሶማሌ ክልል 7.2። አዲስ አበባን ማን መከራት? ማንም። የቤት ኪራይ ነው የመከራት። ሴቷ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ቤት ጠፋ።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዷ ሴት ሁለት ብቻ ብትወልድ እንኳ ቁጥሩ ለብዙ ዓመት መጨመሩ አይቀርም። ገና ያልወለዱት ወጣቶች ብዙ ናቸውና። ስለዚህ «ውልደት ቢቀንስ ሐይቁ ይተርፋል» የሚል ካለ፣ ሐይቁ ያን ያህል አይጠብቅም።

አወያይ

ብሔር ውስጥ የገቡ ሁለት አስተያየቶች አንስቻለሁ። ስለ ውሃ እያወራን ነው። ቀጥሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እኔ የመጣሁት ልናዘዝ ነው፣ አትሳቁብኝ። ቤታችን ውስጥ አራት ሰው ነን፣ መኪና ሦስት። በጋ ላይ ሣር ውሃ እናጠጣለን። የሚበላ ሣር አይደለም፣ ዝም ብሎ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ሣር! ካላጠጣሁ ጎረቤት ያየኛል። መኪና ማቆሚያው መኪና አያስገባም፣ በዕቃ ተሞልቷል። ገዝቼው ካርቶኑን ያልከፈትኩት ነገር አለ። በየሁለት ዓመቱ ወደ አገር ቤት ስሄድ ሁለት ሻንጣ ልብስ ጭኜ «ለዘመድ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ቤቴን እያጸዳሁ ነው።

አንድ አሜሪካ የሚኖር ሰው በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ኢትዮጵያ ያለው ከ0.2 ቶን በታች ነው። ሰባና መቶ እጥፍ መካከል ያለ ነገር ነው። ቁጥሩ ገርሞኝ ነበር፣ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ሰባ ሰው ሆኜ ወረድኩ ማለት ነው። ጋሽ አርጋው ስምንት ወለዱ ብሎ የሚቆጣ ሰው በመጀመሪያ የእኔን ሁለቱን ይቁጠር። ሁለቱ ልጆቼ ከጋሼ ስምንቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ግሎባል ፉትፕሪንት ኔትወርክ የሚባል ድርጅት በየዓመቱ አንድ ቀን ያወጣል። ምድር በዓመት ልትተካው የምትችለውን ጨርሰን ብድር የምንጀምርበት ቀን። በ2024 ነሐሴ 1 ላይ ዋለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሁሉም እንደ አሜሪካ ቢኖር አምስት ምድር ገደማ ያስፈልጋል ይላሉ።

ከዚራ

@ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ስለ ንስሐሽ እግዜር ይስጥሽ። ግን የአንቺ ካርቦን ሐሮማያን አላደረቀውም። እዚህ ነው የምንለያየው። ዓለም በጠቅላላው ሲታይ ጥፋቱ እዚያ ነው፣ እስማማለሁ። ሐይቅ ግን የሰፈር ነገር ነው። ሐሮማያን «አሜሪካ ናት» ብለን ካለፍነው ሞተሮቹ እየሠሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ገባኝ። ግን አንተው አይደለህ እንዴ ሐርጌሳ ያለው ሰው ሐይቁን ጠጣ ያልከው? ሩቅ ሆኖ መጠጣት ይቻላል ካልክ ለእኔም አታድላልኝ።

ከዚራ

ይቺን አልመልስም 😅

ሰው ቤት (ባሕረ ሰላጤ)

ስሜን አልጽፍም። ኮንትራት ላይ ነኝ። ሌሊት ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

እዚህ ውሃው ከባሕር ነው። ጨው እያወጡለት በቧንቧ ይመጣል ይላሉ፣ ለዚያ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። ማዳም ግን በየቀኑ ግቢውን በጎማ አጥቢ ትላለች። አሸዋ ይመጣል፣ አጥባለሁ፣ ደግሞ ይመጣል። እንግዳ ሲኖር የሚቀርበው ሩዝና ሥጋ ከግማሽ በላይ ይመለሳል። በጥቁር ላስቲክ አድርጌ አወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እምቢ ይል ነበር። ወሎ ነው የተወለድኩት፣ ስለ 77 ድርቅ እየተነገረኝ ያደግኩ ነኝ። አሁን እጄ ለምዷል። ይህን ስጽፍ ነው የታወቀኝ መልመዱ።

መምህር ስሌት

እህቴ፣ ለጻፍሽው አመሰግናለሁ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የተጣለውን ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን አድርጎታል። ለሰው ከቀረበው አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ቁጥሩን ሁልጊዜ ለተማሪ እነግራለሁ። ጥቁሩ ላስቲክ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ጥማድ ስላነሳው ገበያ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980 ፖል ኤርሊክ የሚባል የሥነ ሕይወት ሊቅና ጁሊያን ሳይመን የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው ተወራረዱ። ኤርሊክ «ሰው እየበዛ ስለሆነ ማዕድን እየተወደደ ይሄዳል» አለ። ሳይመን «ይረክሳል፣ ሰው ብልሃት ያገኛል» አለ። አምስት ብረታ ብረት መረጡ፣ መዳብ፣ ክሮም፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና ተንግስተን። አሥር ዓመት ጠበቁ። የዓለም ሕዝብ በመቶ ሚሊዮኖች ጨመረ። የአምስቱም እውነተኛ ዋጋ ወረደ። ኤርሊክ 576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ጽፎ ላከ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ መጨረሻ ፍርድ ያወራዋል። አሥሩ ዓመት ሌላ ቢሆን ኖሮ ኤርሊክ ሊያሸንፍም ይችል ነበር። የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። መዳብ ዋጋ አለው። ሲያንስ ይወደዳል፣ ሲወደድ ሰው ይቆጥባል፣ ምትክ ይፈልጋል። ሐይቅ ውስጥ ያለ ውሃ ዋጋው ስንት ነው? ገበሬው የሚከፍለው ለናፍጣ ነው፣ ለውሃው አይደለም። ሐሮማያ ሙሉ በነበረ ጊዜና የመጨረሻዋ ኩሬ በቀረች ጊዜ የውሃው ዋጋ እኩል ነው፣ ዜሮ። ስለዚህ እየተሟጠጠ እንደሆነ ለማንም የሚነግር ደወል የለም።

ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ደወሉ ጮሆ ነበር። ማገዶ አልቆ፣ እንጨት ከሩቅ እየመጣ ተወደደ። ከተማዋ ተነቅላ ወደ አዲስ ዓለም ልትሄድ ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ተረፈች። አያችሁ፣ ማገዶ ዋጋ ነበረው። እናንተ አዲስ አበቤዎች የባሕር ዛፍ ልጆች ናችሁ።

ፎቶ ሰብሳቢ

መምህር፣ በትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበረች» የሚባለውን እንደማያስተምሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ስንማር የሰማነው ነው። ከየት እንደመጣ ሲፈለግ የተለካ ነገር አልተገኘለትም። የሰሜን ተራሮች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕልና ፎቶ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቦታ ዛሬ የተሻለ ዛፍ አለ።

መምህር ስሌት

አስተምር ነበር። አቁሜያለሁ። ተማሪ ነው ያረመኝ፣ ስላረመኝም ነጥብ ሰጠሁት።

ሃይፋ

ከእስራኤል ነኝ፣ ከልጅነቴ እዚህ ነኝና አማርኛዬን ይቅርታ። እዚህ ሁሉ ነገር በብልሃት ነው ትላላችሁ መሰለኝ። እውነት ነው፣ ጠብታ መስኖ አለ፣ የፍሳሽ ውሃ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ታክሞ ለእርሻ ይመለሳል። የባሕር ውሃ ጣፍጦ ይጠጣል። ግን ሙት ባሕር በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ እሱ የሚፈሰውን የዮርዳኖስን ወንዝ እስራኤልም የዮርዳኖስ አገርም ሶርያም ከላይ ወስደውታል። የማዕድን ፋብሪካዎች ደግሞ የቀረውን ያተኑታል። ዳርቻው ላይ መሬት እየተሰነጠቀ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ድሮ ሰው የሚዋኝበት ቦታ አሁን በአጥር ተዘግቷል። ቴክኖሎጂ ሰውን አጠጣ። ሐይቁን ያጠጣው የለም።

ሸዋ በር

ሐረርም እንዲሁ ሆነች እኮ። ሐይቁ ሲደርቅ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ተሳበልን፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ። ደንገጎን ሽቅብ! መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። እኛ ከሐይቁ ወረድን፣ ለሐይቁ ግልግል ሆነለት። አንዳንዴ ሳስበው ሐሮማያ ቢመለስ አንዱ ምክንያት የእኛ ከተማ ቧንቧ ስለተነቀለለት ይሆን እላለሁ። አሁን ደግሞ የድሬዎችን የከርሰ ምድር ውሃ እየጠጣን ነው። @ከዚራ ይቅርታ አድርግልን።

ከዚራ

ጠጡ አቦ። እኛም ስንጠማ ሌላ እንፈልጋለን። ቆይ... ይኼ ራሱ ነው ለካ ችግሩ።

የሐይቁ ዳር

አሰላሙ አለይኩም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። እኔ እዚያው ነኝ። አባቴም አያቴም እዚያው ናቸው። ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ማናችሁም እንዴት እንደሆነ አላያችሁም። ልንገራችሁ።

ውሃው በአንድ ቀን አልጠፋም። ልጅ ሆኜ የአባቴ ሞተር ዳር ላይ ነበር። በዓመቱ ውሃው ትንሽ ሸሸ። አባቴ ቱቦ ጨመረ። በሌላው ዓመት ደግሞ ሸሸ፣ ደግሞ ጨመረ። ሰው ሁሉ ቱቦ ይገዛል። ሜዳው ላይ ቱቦ እንደ እባብ ተጋድሞ ነበር። ቱቦ መግዛት ያቃተው መጀመሪያ ወጣ። የመጨረሻው ጊዜ ላይ ሐይቁ ወለል ውስጥ ገብተን ጉድጓድ መቆፈር ጀመርን።

እንደሚያልቅ አናውቅም ነበር? እናውቃለን። አባቴ ማታ ማታ «ይሄ ነገር ሊያልቅ ነው» ይል ነበር። ጠዋት ተነስቶ ሞተሩን ያስነሳል። አንድ ቀን ጠየቅኩት። «እኔ ባቆም ውሃው የሚቀር ይመስልሃል? የጎረቤት ጫት ይጠጣዋል። የእኔ ልጆች ጾማቸውን ያድራሉ፣ ሐይቁም ያልቃል» አለኝ። ምን ትለዋለህ? እኔ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ብዛት ነው ያላችሁት፣ እኛ ሰፈር ያኔ ብዙ ነበርን፣ አሁን እጥፍ ነን። ጫት ነው ያላችሁት፣ ጫት ባይኖር ት/ቤት አልገባም ነበር፣ ይሄን መጻፍም አልችልም ነበር። ዋጋ የለውም ያሉት መምህር ግን ልቤን ነኩኝ። ናፍጣ ሲወደድ ሞተር ያንሳል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐይቁን ናፍጣ ነው የጠበቀልን እንጂ እኛ አልጠበቅነውም። አሁን ደግሞ አንዳንዱ በፀሐይ የሚሠራ ሞተር እየገዛ ነው። ናፍጣ አይፈልግም። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል፣ ጭስ የለውም። እኔ ግን ሳየው እፈራለሁ። ፀሐይ ዋጋ የላትም፣ ውሃም ዋጋ የለውም።

ውሃው ተመልሷል፣ እውነት ነው። ዝናቡም ጥሩ ነበር፣ ተራራው ላይም እርከን ተሠርቷል። በጋ ላይ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ሞተር ቆጠርኩ። በእኛ በኩል ብቻ አሥራ አንድ።

ነርሷ

ወንድሜ፣ ታዲያ ተሰብስባችሁ አትነጋገሩም?

የሐይቁ ዳር

ጀምረናል እህቴ። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ሰበሰቡን። አንዱ ሞተር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይነሳ፣ ተራ እንያዝ የሚል ሐሳብ ነው። ውሃው ካንዲት ድንጋይ በታች ከወረደ ደግሞ ሁሉም ያቁም። ድንጋይዋን አባቴ ነው የመረጣት።

ሸዋ በር

ስንት ሰው ተስማማ?

የሐይቁ ዳር

ከአሥራ አንዱ ሰባት።

ሸዋ በር

አራቱስ?

የሐይቁ ዳር

ሁለቱ «እናያለን» ብለዋል። አንዱ መሬቱን አከራይቶ ነው፣ ተከራዩ ሐሙስ ከጅጅጋ ይመጣል። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው።